ለዶሮ የመጣ ዓሣ

ከሌባ ጣቴ የማትረዝም ዓሣ ናት ከትዳር ያስቀረችኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔን የሚያስቀኝ ዓሣዋ ሳትሆን በዚያ እሑድ ከበዋት የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ቆቦ ውስጥ ወሬው ብዙ መልክ ይዞ ዞሯል። አንዱ ጋ እናቴ ሽማግሌ ልትመርዝ ነበር፤ ሌላው ጋ እኔ እጮኛዬን በዱላ አባረርኩት። ሁለቱም ውሸት ነው፤ ሁለተኛው እውነት ቢሆን ግን ደስ ባለኝ። የሆነውን እኔው ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ የተቀመጠች ታውቀዋለች፦ ያየሽ ሁሉ "እህ፣ አሁን ምን አሰብሽ?" ይልሻል፤ መልስሽን ሳይሰማ ግን አልፎሽ ይሄዳል። እናቴ በላይነሽ ሽሮ ሻጭ ናት። ሽንብራውን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ ከክታ፣ ቅመሙን ራሷ መጥና፣ ወፍጮ ቤት ስትሄድም የሌላ ሰው ዱቄት እንዳይቀላቀልባት ከወፍጮው አፍ ሥር ቆማ ነው የምታስፈጨው። ጾም ሲመጣ ከሮቢትም ከዋጃም ሰው እየላኩ ያስወስዱ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገችኝ በዚያ ሽሮ ነው። ሽሮዋ ስሟ ነው፤ ሽሮዋ ከተነካ እኛ የለንም።

ዳኘው የሮቢት ልጅ ነው። ቆቦ አብረን ተምረናል፤ አሥረኛ ላይ ትቶ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ፣ ኋላም መሪ ጨበጠ። መኪኖቻችን ገና አሰብ ወደብ እየደረሱ የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። እወደው ነበር። ይህን ደብቄ ታሪኬን አላሳምርም፤ እወደው ነበር። ወሬ ያውቅበታል። ውሃ ሲባል ጎርፍና ቧንቧ ብቻ ለማውቀው ልጅ ባሕርን በአፉ ጭኖ ያመጣልኝ ነበር።

አንድ ቀን ስለ ዓሣዎቹ አወራኝ። ጥልቁ ውስጥ የሚኖሩት ትልልቆቹ አይደሉም፤ ከዳር፣ ውሃው ጉልበት በሚደርስበት የሚውሉት ትንንሾቹ ናቸው።

"እንደ ማሽላ ፍሬ ብዙ ናቸው" አለኝ። "ሁሉም ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አንዷ ዞር ስትል በሙሉ ዞር! መስታወት ተሰብሮ ውሃ ላይ የፈሰሰ ነው የሚመስልሽ።"

"መሪያቸው ማናት?"

"መሪ የላቸውም። አጠገባቸው ያለችውን እያዩ ነው የሚዞሩት።"

እንዴት ያምራል ብዬ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

በፍልሰታ ጾም፣ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ ዳኘው ከአሰብ ሲመለስ አንድ ከረጢት ይዞ ቤታችን መጣ። እናቴ ከረጢቱን ገና ሳትፈታው አፍንጫዋን ያዘች።

"ምንድን ነው የሚሸተው ዳኘው? ቆዳ ነው?"

"ዓሣ ነው እትዬ በላይነሽ፤ ደረቅ ዓሣ። ወቅጠው ሽሮ ላይ ጣል ሲያደርጉት ጣት ያስቆረጥማል።"

"በፍልሰታ? አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም?"

"ወደቡ ላይ ያለው ክርስቲያን እኮ ጾሙን በዓሣ ነው የሚይዘው። ሥጋ ነው እንዴ? የውሃ ፍሬ ነው።"

"እስቲ ቄሱን ልጠይቅ።"

"ኸረ ምን ይጠየቃል! እሑድ ራሳቸው ይቀምሱት የለ?" አለና አንዷን ብድግ አድርጎ ከነጭንቅላቷ ቆረጠማት። "ጋሽ ይመርን ያውቁታል፤ አጎቴ ሆዱ ደስ ካለው ልቡ አያስቸግርም። ይህን ሽሮ ካቀረቡለት ነገራችን አለቀ።"

እናቴ ከሰው ሁሉ የምትፈራው ጋሽ ይመርን ነበር። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ይመጣል ይባላል፤ አባት የሌለበት ቤት ግን ሊመረምር ነው የሚመጣው። ወንበሩን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ እናትየው ስትቀመጥና ስትነሳ ያያል። እናቴም አማቿ ሊሆን ያለው ልጅ የነገራትን አመነች። ዓሣውን አብረን አጠብነው። ብር የመሰለ ብጥስጣሽ መዳፌ ላይ ተጣብቆ፣ በሳሙናም አልለቅ ብሎኝ እስከ ማታ ሲያብለጨልጭ ዋለ። እናቴ አድርቃ በቡና ሙቀጫ ወቀጠችው፤ ለሽማግሌዎቹ ከሚሠራው ሽሮ ላይ ብቻ ነሰነሰችው። ከሚሸጠው አላስጠጋችውም። የሚሸጠው በሌላ ጆንያ፣ በሌላ ክፍል፣ አፉ ታስሮ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ መጡ። ሦስት ናቸው። ፊት ፊት ጋሽ ይመር፣ ከዘራውን ከራሱ ቀድሞ እያስገባ። ቀጥሎ አባ ፈንታ፣ የደብራችን ቄስ። ከኋላ አያ ሲሳይ፣ ጆሮው ስለከበደ ሰው ሁሉ ባለው የሚስማማ ሽማግሌ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይቀመጥምና ዳኘው መኪናው አጠገብ፣ ከአጥሩ ደጅ ቀረ። ጎረቤታችን አደይ ምሕረት ከእናቴ ጋር ጓዳ ነበረች። ከትግራይ መጥታ ቆቦ ያረጀች ነጋዴ ናት፤ አማርኛዋ መሐል ትግርኛው ያመልጣታል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ። እሑዱ ይሞቃል፤ ነሐሴ ሆኖ እንኳ ቆርቆሮው ይንጣጣ ነበር።

"ልጅሽን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አለ ጋሽ ይመር። "መልሱን ደግሞ ሳንቀምስ አንሰማም።"

ቀመሱ። መቅመስስ ማለት ያ ከሆነ።

"ኸረ ይህ ሽሮ ነው እንዴ!" አለ ጋሽ ይመር። "በላይነሽ፣ እጅሽ ይባረክ!"

"ጾምን እንዲህ ማጣፈጥ ራሱ ንስሐ ሳያስፈልገው አይቀርም" አሉ አባ ፈንታ፣ እየሳቁ፣ ድጋሚ እንዲጨመርላቸው እየጠቆሙ።

"ልክ ነው" አለ አያ ሲሳይ፣ ምን እንደተባለ ሳይሰማ።

እናቴ ፊቷ ሲበራ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ስትበራ አይቻት አላውቅም። ያኔ ነው ጋሽ ይመር የጠቀለለውን ጉርሻ አፉ አጠገብ ያቆመው። ወደ እንጀራው ዝቅ አለ። ቀና አለ። እንደገና ዝቅ አለ።

"ይህ ነገር እያየኝ ነው" አለ።

ሳይወቀጥ ያመለጠ የዓሣ ጭንቅላት ነበር፤ ከነዓይኑ።

"ትል ነው!"

"ትል ዓይን የለውም" አሉ አባ ፈንታ፣ እጃቸውን ከገበታው እየሰበሰቡ። "በላይነሽ፣ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው አባ" አለች እናቴ። ድምጿ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ የእሷ አይመስልም። "ደረቅ ዓሣ። ጾም አይሽርም ተብዬ…"

"ዓሣ በጾም ያከራክራል፤ እሱን እንተወው" አሉ አባ። "ግን ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ሕጉ ክንፍና ቅርፊት ይጠይቃል። ቅርፊት የሌለው በፍስኩም ቢሆን አይበላም፤ ርኩስ ነው። የተረፈ ካለ አምጪው።"

ከረጢቱ ወጣ። ሰፌድ ላይ ተዘርግፎ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ትልልቅ ሰዎች፣ አገር የሚያስታርቁ ሰዎች፣ ጎንበስ ብለው የጣት ቁመት ያላትን ዓሣ ገለበጧት፣ አሸተቷት፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ጋሽ ይመር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

"ልሙጥ ነው!" ብሎ ጮኸ። "እንደ እባብ ልሙጥ! የት አለ ቅርፊቱ? እባብ ነው ያበላሽን!"

አያ ሲሳይ ውስጥ ቀርቶ እየበላ ነበር። ጆሮው ላይ ጮኸው ሲነግሩት ተፋ። እስኪነገረው ድረስ ግን ርኩሱ ምንም አላለውም።

በአገዳው አጥር ቀዳዳ ዓይኖች ተደረደሩ። ጋሽ ይመርም ሰሚ ሲያገኝ ድምፁ ጨመረ።

"ለስንት ቤት ነው ሽሮ የምትሸጪ በላይነሽ? የአገሩን ጾም ስታስፈቺ ነው የኖርሽ!"

"ከሚሸጠው አልገባም! በልጄ እምላለሁ አልገባም!"

"ማን ያውቅልሻል?"

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት "ውይ፣ እኔኮ ትናንት ወስጃለሁ" ስትል ተሰማ። ሌላዋ "እኔም" አለች። ከዚያ ሦስተኛዋ። ጠዋት እናቴን "እንኳን ደስ ያለሽ" ያሏት ሴቶች ናቸው።

"ይህን ማን ሰጠሽ?" አሉ አባ።

እናቴ ወደ ደጅ ብቻ አየች። ዳኘውን ጠሩት። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ገባ፤ ሰፌዱን ሲያይ ቁልፉ ቆመ።

"አንተ ነህ ያመጣኸው?" አለው አጎቱ።

"አዎ…"

"ለምን ብለህ?"

አጎቱን አየ። ቄሱን አየ። አጥሩን አየ። እኔ መጋረጃውን ትቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እኔን አላየኝም።

"ለዶሮ" አለ።

"ምን?"

"ለዶሮ ነው ያመጣሁላቸው። እዚያ ዶሮ ይቀለብበታል። እንዴት ለሰው እንዳቀረቡት እኔ አላውቅም።"

እኛ ዶሮ የለንም። አንድም። ጓሯችን ውስጥ ላባ ወድቆ አያውቅም፤ እናቴ ሽሮዋ ላይ ኩስ እንዳይደርስ ብላ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አታስገባም። አጥሩን የሞሉት ሴቶች ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ዶሯቸውን በድንጋይ ስታባርርባቸው ስንት ጊዜ ተጣልተዋታል። አንዷም አልተነፈሰችም።

እናቴን አየኋት። እሷ ያየችው እሱን ሳይሆን እኔን ነው። አይታኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለችና፣

"እውነቱን ነው" አለች። "ለዶሮ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ምን እያደረገች እንደነበር ገብቷችኋል? ልጁ ዋሽቷል ብትል ትዳሬ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ ስሟን አውጥታ ሰጠች። ጋሽ ይመርም እዚያው ቆሞ ፈረደ። በላይነሽ ንስሐ ትግባ፤ ሽሮ መሸጡን ዛሬውኑ ትተው፤ ልጅቷ ግን ምን አጠፋች፣ እኛ ቃላችንን አናጥፍም፣ ከዚህ ቤት ብናወጣት ጽድቅ ነው አለ። ጽድቅ! ጢሙ ላይ ሽሮው ሳይደርቅ።

"ዋይ አነ!" አለች አደይ ምሕረት ከጓዳ ብቅ ብላ። "በምን ትብላ ታዲያ? ስለ ማርያም!"

"አንቺ ምን አገባሽ?" አላት።

"ዶሮው የታለ?" አልኩ እኔ።

"አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ" አለች እናቴ።

ገብቼ በሳህን ውሃ አመጣሁ። ከሰፌዱ አንዷን አንስቼ ነከርኳት፤ እስክትርስ ጠበቅኩ። ሁሉም እብደት የያዘኝ መስሏቸው ያዩኛል። ከዚያ በጥፍሬ ከጭራዋ ወደ ጭንቅላቷ፣ እየተጫንኩ፣ ፋቅኋት። እጄ ላይ ሲያብለጨልጭ የዋለው ያ ብጥስጣሽ ጥፍሬ ላይ ተከመረ። ስስ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳያል። ሄጄ አባ ፈንታ መዳፍ ላይ ጠረግኩት።

"ይህ ምንድን ነው አባ?"

መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ አዘነበሉ። ጋሽ ይመርን አዩ። መልካም ሰው ናቸው፤ ችግራቸው መልካምነታቸው ሌላ ሰው እስኪቀድመው መጠበቁ ነው።

"ቅርፊት ነው" አሉ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ ጋሽ ይመር።

"ቅርፊት ነው ይመር። ክንፉም ይኸውና። ንጹሕ ነው።"

አሁን የምነግራችሁን ባላየው ኖሮ እኔም አላምንም። ጋሽ ይመር ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔም እኮ ልሙጥ ነው አልኩ እንጂ ቅርፊት የለውም አልወጣኝም" አለ።

"የጾሙም ነገር ቢሆን፣ አውቀን አልበላንም" አሉ አባ። "እግዜር የሚያየው ልብን ነው።"

"ልክ ነው" አለ አያ ሲሳይ፣ ወደ ገበታው እየተመለሰ።

ከአጥሩ ወዲያ "እኔስ በላይነሽ እንዲህ አታደርግም ብዬ ነበር" አለች፣ ያችው "ትናንት ወስጃለሁ" ያለችው ሴት። "እኔም" አለች ሌላዋ።

ዳኘውም ቁልፉን ማዞር ጀመረ።

"እኔስ ምን አልኩ!" አለ፣ ደረቱ እየሰፋ። "ወደቡ ላይ ሁሉም የሚበላው ነው። ለእትዬ በላይነሽ ብዬ መርጬ ነው ያመጣሁላቸው።"

"ለሰው?" አልኩት።

"ለሰው ነዋ!"

"ዶሮውስ?"

ሳቀ። "ተይ እንግዲህ ትርንጎ፤ ደንግጬ ነው።"

አጎቱ ሳቀ። አባ ፈገግ አሉ። አያ ሲሳይ ሁሉም መሳቁን አይቶ ሳቀ። አጥሩ ሳቀ። አንዱ ዞር ሲል ሁሉም ዞር፤ እንዴት ያምራል! ባሕሩን ለማየት አሰብ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ጓሯችን ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። ነጠላዋን እንደያዘች ቆማለች፤ ማንም "ይቅርታ" አላላትም። ንጹሕ የተባለው ዓሣው እንጂ እሷ አይደለችም።

"በሉ ወደ ጉዳያችን" አለ ጋሽ ይመር፣ ከዘራውን እየወዘወዘ። "በላይነሽ፣ ምን አልሽን?"

እናቴ አፏን ከፈተች። እሺ ልትል ነበር፤ አውቃታለሁ።

"እኔ ልመልስ" አልኩ።

"ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት!"

"ልጃችሁ ለሰው ያመጣውን ለዶሮ አደረገው። መልሶ ለሰው አደረገው። ገና ፀሐይዋ እንኳ ሳትዞር ነው። እኔንስ ነገ ሰው ሲሰበሰብ ለማን ብሎ እንዳመጣኝ ቢጠየቅ ምን ይላል? አላገባውም።"

"አንቺ!" አለች እናቴ።

"አላገባውም። እንጀራውን ጨርሱና ሂዱ።"

ጋሽ ይመር ብዙ ተናገረ፤ ስለ አስተዳደግ፣ ስለ ተማረች ሴት፣ ስለ ምላሴ። ስለ ምላሴ የተናገረው እውነት ነው። እየተናገሩ ወጡ። ዳኘው ከደጁ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ እውነተኛ መገረም ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

"ትርንጎ፣ በአንድ ቃል?" አለኝ።

"አንተም ያልከው አንድ ቃል ነው።"

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ እናንተ ሴት ልጆች፣ "ጎበዝ" ልትሉኝ ከሆነ ይቅርባችሁ። ጉብዝና አልነበረም፤ ማቅለሽለሽ ነበር። ከዚያ በኋላም ቀላል አልሆነም። እናቴ ጾሙ እስኪፈታ አላናገረችኝም። አንዴ ብቻ፣ ሽንብራ እየለቀመች፣ "ስሜን ከፍዬ ልገዛልሽ ነበር፤ አንቺ ሜዳ ላይ ደፋሽው" አለችኝ። "ማን ግዢልኝ አለሽ?" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ግን የተናገርኩት ለእሷ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ሽሮውን ለጊዜው ማንም አልገዛም። ሽማግሌ ሊልኩ የነበሩት ሌሎች ቤቶችም ዝም አሉ። ዳኘውን ግን ማንም ምንም አላለውም። አግብቷል፤ ሰላም ነው፤ ሲያየኝ ጡሩምባ ይነፋልኛል።

የተለወጥኩት በምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ድሮ የምፈራው ክፉ ሰው ነበር። አሁን ክፉውን አልፈራውም፤ ክፉ ቢያንስ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ታውቂዋለሽ። ሰውን የምመዝነው ደግ ነው ወይ ብዬ አይደለም። ሰው ሁሉ ወዲያ ሲዞር እሱ ወዴት ያያል ብዬ ነው። ሽማግሌ ሊልክብሽ ያሰበ ሰው ካለ፣ ስለ ደመወዙና ስለ ዘሩ ጠይቂ፣ ጥሩ ነው፤ ግን እናትሽ በሰው ፊት ስትዋረድ አንዴ እይው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም።

ከእናቴ ጋር የታረቅነው ግን በኔ ንግግር አይደለም። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ገዢ አንድ አንድ እያለ፣ አቀርቅሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ "ትንሽ ሽሮ" እያለ መመለስ ጀመረ። ሁሉም ተከታትለው መጡ፤ እንዴት እንደሚዞሩ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ከሰዓት የአባ ፈንታ የእህት ልጅ በር ላይ ቆመች።

"አባ ልከውኝ ነው" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ያች የእሑዷ ሽሮ… ከዚያ ነገር የተረፈ ካለ፣ ትንሽ ብትሰጡን ብለዋል። ሰው አይስማ ብለዋል።"

እኔ አፌን ስከፍት እናቴ በእጇ አስቆመችኝ። ወንፊቷን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ፣ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የከንፈሯ ጫፍ ሲነሳ አየሁ።

"ሰላም በያቸው አባን" አለች። "ከዚያ ነገር ግን የለም። ዶሮዎቹ ጨርሰውታል በያቸው።"